ስለ አንድ ኳስ ወርዋሪ፦ ለወንድማችን ክስ የተሰጠ መልስ

ባለፈው ወርሃዊ ስብሰባችን፣ አጀንዳው ተሟጦ ሻይ በሚቀርብበት ሰዓት፣ ከወንድሞቻችን አንዱ በዚህ ጸሐፊ ላይ ክስ አቀረበ። ክሱ ባጭሩ ይህ ነው፦ አገራችን በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ ሳለች የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አባል የሆነ ሰው በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የአንድ ክሪኬት ተጫዋች ፎቶግራፍ ለጥፎ ይኖራል፤ ጨዋታው ቅኝ ገዥዎች ይዘውት የመጡ ነው፤ የሰውን ጡንቻ ማምለክ የወጣቱን ንቃት ማደንዘዣ ነው፤ ስለዚህ ጓዳችን ራሱን ይተች። ቤቱ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ይሁን እንጂ ወደ ክፍሌ ተመልሼ ፎቶግራፉን ቀና ብዬ ስመለከት ነገሩ የሣቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን እሱ እንደሚያስበው አይደለም። ስለሆነም ራሴን እንድተች የተጠየቅሁትን ያህል አድናቆቴን እንድከላከልም በዚህች መጽሔት መድረክ ይሰጠኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማይክል ሆልዲንግ ይባላል። የጃማይካ ሰው ነው፤ በ1954 ኪንግስተን ተወለደ፤ ከ1975 እስከ 1987 ድረስ ለዌስት ኢንዲስ ብሔራዊ ቡድን ኳስ ወረወረ። በአገር ለአገር ትላልቅ ግጥሚያዎች 60 ጊዜ ተሰልፎ 249 መቺዎችን ከሜዳ አስወጥቷል። እኔ የተወለድሁት እሱ ከብሔራዊ ቡድኑ ከተሰናበተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ስለሆነ አንድም ቀን ሲጫወት በዐይኔ አላየሁትም። ታዲያ አድናቆቱ ከወዴት መጣ ለሚለኝ፣ ከቃሂራ መጣ እለዋለሁ።

ቃሂራ ስል የግብፅን ዋና ከተማ ማለቴ አይደለም። የእኔ ቃሂራ በየመን፣ በኤደን ወደብ፣ በሼክ ዑስማን በኩል ያለች ሰፈር ናት። አባቴ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ እኛም በ2015 ጦርነቱ ከተማይቱ ውስጥ ገብቶ እስኪበትነን ድረስ እዚያው ኖርን። ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ዓሚ» እንላቸው ነበር፤ አጎቴ ማለት ነው። አያታቸው ከቦምቤይ የተሻገሩ የወደብ ጸሐፊ ነበሩ። ይህ በኤደን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግሊዞች ከተማይቱን በ1839 ከያዙ በኋላ እስከ 1937 ድረስ ያስተዳድሯት የነበረው ከህንድ ስለሆነ፣ ወታደሩም ጸሐፊውም ነጋዴውም ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ክሪኬቱም ከነሱ ጋር ባሕር ተሻገረ። ኖቬምበር 30 ቀን 1967 የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር ሲወጣ ጨዋታውም አብሮት ወጣ ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። የኤደን ልጅ የእግር ኳስ ሰው ነው፤ የአል ቲላል ክለብ ደጋፊ ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን እንኳ ክለቡ የተቆረቆረበትን ዘመን 1905 ብሎ ይነግርሃል።

ከዓሚ ልብ ግን ክሪኬቱ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ወተት የበዛበትን የኤደን ሻይ በብርጭቆ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና እኛን ሐበሻውንም ሶማሌውንም ዓረቡንም ልጆች ይሰበስባሉ። ባዶ የዘይት ጣሳ ያቆማሉ። በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ይሰጡንና «ክንድህን ሳታጥፍ ወርውር» ይላሉ። ክንዱን ያጠፈውን ልጅ ሻያቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ከጨዋታ ያስወጡታል። ሁልጊዜም ትምህርቱ የሚያልቀው በአንድ ታሪክ ነው፤ በ1976 ነሐሴ ወር፣ ከለንደን የሚመጣውን ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ልጅ የእንግሊዝን ቡድን ብቻውን ሲያፈርስ የሰሙበት ታሪክ። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። (ከእናንተ ብዙዎቹ እዚህ ህንድ አገር ከመጡ ወዲህ በየመኝታ ቤቱ ኮሪደር ጩኸቱ እንቅልፍ ከመንሳቱ በቀር ሌላ ነገር እንዳልገባቸው አውቃለሁ።) ሃያ ሜትር ያህል በሚረዝም መደብ ጫፍና ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለዋል። መቺው በአንዱ ጫፍ ዱላ ይዞ እንጨቶቹን ይጠብቃል። ወርዋሪው ከሌላው ጫፍ ሮጦ መጥቶ ክንዱን ሳያጥፍ ኳሷን ይለቃል፤ ኳሷ መሬት ነክታ ትነሣለች። ኳሷም የእግር ኳስ ዐይነት ለስላሳ ነገር አይደለችም፤ በቆዳ የተሰፋች፣ 160 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ድንጋይ ማለት ናት። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲያስወነጭፋት መቺው የሚያስብበት ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም። እንጨቶቹ ከተመቱ መቺው ይወጣል። ለዚህ ሁሉ የገና ጨዋታ ሩርና ቆልማማ ዱላ ሲሳደድበት ያደገ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ ልዩነቱ በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ ባንድ ሜዳ ሲራኮቱ፣ ክሪኬት ግን ለረጅም ዘመን ጌታው የሚመታበት ሎሌው የሚወረውርበት ጨዋታ ሆኖ መኖሩ ነው።

ሆልዲንግ የሚሮጠው ከሩቅ ነበር፤ አንዳንዴ መነሻው ከሜዳው ዳር የቀረበ ይመስላል። ሌሎቹ ፈጣን ወርዋሪዎች ሲመጡ መሬቱ ይሰማል፤ ያቃስታሉ፣ ይረግጣሉ፣ ፊታቸው ይኮሳተራል። እሱ ግን ራሱን ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ፣ ጣቱ ብቻ መሬት የነካ እስኪመስል ድረስ ይንሳፈፋል። ከወርዋሪው ጫፍ ቆሞ ጀርባውን የሰጠው ዳኛ ሲመጣ አይሰማውም። ከዚህ የተነሣ «የሚያንሾካሹክ ሞት» የሚል ቅጽል ወጣለት። ዓሚ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነበር። እኔ ፊልሙን ያየሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ በአንደኛው ዓመት፣ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በስልክ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሩጫ አየሁ፤ ደግሜ አየሁ፤ ከዚያ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም። ፈተናውን በመካከለኛ ውጤት አለፍሁ። ወንድማችን ለክሱ ማስረጃ ከፈለገ ይህን ይውሰድ።

አሁን ወደ 1976 እንምጣ። የእንግሊዝ ቡድን አለቃ ቶኒ ግሬግ ይባላል፤ ተወላጅነቱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ግጥሚያዎቹ ከመጀመራቸው በፊት በቴሌቪዥን ቀርቦ ዌስት ኢንዲሶችን በጉልበታቸው እንዲድሁ ለማድረግ እንዳሰበ ተናገረ። ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ለተገረፉ ሰዎች፣ ነጭ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ፣ ሶዌቶ በምትነድበት ዓመት እንዲህ ብሎ ሲናገር ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የመጨረሻው ግጥሚያ በለንደን ኦቫል ሜዳ ከነሐሴ 12 ጀምሮ ተደረገ። ያ ክረምት እንግሊዝ አገር ድርቅ የገባበት ነበር፤ የሜዳው ሣር ነዶ ቡናማ ሆኗል፤ መደቡ ደረቅና ለጥ ያለ፣ ለመቺ የተመቸ፣ ለፈጣን ወርዋሪ የሞተ ነው። ቪቪያን ሪቻርድስ 291 ነጥብ ሠራበት፤ ከእንግሊዞቹም ዴኒስ ኤሚስ 203። በዚህ መቃብር በሚመስል መደብ ላይ ሆልዲንግ በመጀመሪያው ዙር 8፣ በሁለተኛው 6፣ በድምሩ 14 ሰዎች አስወጣ። መሬቱ ስላልረዳው አየሩን ተጠቀመበት፦ ኳሷን ቀጥ አድርጎ፣ በጣም ፈጣን አድርጎ፣ መቺው እግር ሥር ላካት። ግሬግን በሁለቱም ዙር እንጨቱን ነቅሎ አስወጣው። ስታዲየሙን ሞልተው የነበሩት ከካሪቢያን የተሰደዱ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ ነርሶችና የፋብሪካ ሠራተኞች ያን ቀን የሆኑትን መሆን ፊልሙ ላይ ማየት ይቻላል። ግሬግ ራሱ በግጥሚያው መጨረሻ አካባቢ በነሱ ፊት ተንበርክኮ ጥቂት ድኾ ቃሉን በቀልድ መልክ አወራረደ፤ ይህም ይመዝገብለት።

ሌላም ልጨምር ነበር፤ በ1981 ማርች 14 ቀን ብሪጅታውን ላይ ጄፍሪ ቦይኮት የሚባለውን እጅግ ጠንቃቃ መቺ በአምስት ኳሶች አንገዳግዶ በስድስተኛዋ እንጨቱን ያስነቀለበትን። ነገር ግን ያን የሚመለከት እንጂ የሚያነብ ሰው አይገባውም። ይለፍ።

አሁን ደግሞ ከሳሼ ያላነሣውን ክስ እኔ ራሴ ላንሣ። የመኝታ ቤት ጓደኞቼ ህንዶች ናቸው። ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ስሰቅል ከመካከላቸው አንዱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየውና «አባቴ ቢያየው ደስ አይለውም» አለ። ምክንያቱን ጠየቅሁ። ያው የ1976 ዓመት ነው፤ ወሩ ኤፕሪል፣ ቦታው የሆልዲንግ የትውልድ ከተማ ኪንግስተን፣ ሳባይና ፓርክ። መደቡ ሸካራ ነበር፤ ዌስት ኢንዲሶች፣ ሆልዲንግም ከግንባር ሆኖ፣ ኳሱን በህንዶቹ ጭንቅላትና ጎድን ላይ አዘነቡት። በዚያን ጊዜ የራስ ቁር የሚባል ነገር የለም። አንሹማን ጋይክዋድ ጆሮው ላይ ተመትቶ ሆስፒታል ገባ፤ ሌሎችም ተጎዱ። የህንዱ አለቃ ቢሻን ሲንግ ቤዲ የቀሩትን ወርዋሪዎቹን ላለማስፈጀት የመጀመሪያውን ዙር በስድስት ሰው ዘጋ፤ በሁለተኛው ዙር አምስት ሰዎች መሰለፍ ስላልቻሉ የህንድ ቁጥር 97 ላይ ቀረ። ቅኝ ተገዝቶ የኖረ ሕዝብ ልጆች ሌላውን ቅኝ ተገዝቶ የኖረ ሕዝብ ልጆች አደሙ ማለት ነው። በየመጽሔቱ ስለ ጭቁን ሕዝቦች ወንድማማችነት ስንጽፍ ይህን የመሰለ ገጽ እንዳለ አንዘንጋ። ከዚያ ደግሞ በ1980 ኒውዚላንድ ውስጥ ደኒደን ላይ፣ ዳኛው ያለ ጥርጥር መውጣት ያለበትን መቺ አልወጣም ስላለበት፣ ሆልዲንግ ሄዶ እንጨቶቹን በርግጫ በተናቸው። ፎቶግራፉ በዓለም ዞሯል፤ አረጋገጡ እንኳ ያምራል የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የተናደደ ልጅ ሥራ ነው፤ እሱም በኋላ ትክክል እንዳልነበር ተናግሯል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ፎቶግራፉን ለምን አላወርደውም? አድናቆትን ከአምልኮ የሚለየው ይኸው ስለሆነ ነው። የሚያመልክ ሰው ሳባይና ፓርክን መካድ አለበት። የሚያደንቅ ሰው ግን ለህንዳዊው ጓደኛው «እውነትህን ነው» ብሎ፣ ሻይ አብሮ ጠጥቶ፣ ማታ ተመልሶ ኦቫልን ማየት ይችላል።

ጨዋታው የቅኝ ገዥ ነው ስለሚለው ብዙ አልከራከርም፤ የምንጽፍበት ወረቀት፣ የምንማርበት ቋንቋ፣ ስብሰባ የምንመራበት ደንብ ሳይቀር ከየት እንደመጣ ወንድማችን ያውቃል። ግን አንድ ሰው ላስተዋውቀው። ሲ. ኤል. አር. ጀምስ የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ የማርክስ ተከታይ ነው፤ በ1938 ስለ ሄይቲ ባሮች አብዮት የጻፈው መጽሐፍ በብዙዎቻችን መደርደሪያ ላይ አለ። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የቆመ የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሲመሠረት ሊቀ መንበሩ እሱ ነበር። ይኸው ሰው በእንግሊዝ አገር እንጀራውን የበላው ለጋዜጣ የክሪኬት ዘገባ እየጻፈ ነው። በ1963 ደግሞ ስለ ክሪኬት ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ፤ የዌስት ኢንዲስ ቡድን በጥቁር ሰው ይመራ ብሎ በጋዜጣ ዘመቻ ያካሄደና ፍራንክ ዎሬል አለቃ ሲሆን ያየ ሰው ነው። ስለ እኛ ጉዳይ አደባባይ የወጣው ጀምስና ሜዳ ዳር ተቀምጦ የወርዋሪን ክንድ የሚያጠናው ጀምስ ሁለት ሰዎች አልነበሩም። (ሪቻርድስም ቢሆን እጁ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማሰሪያ አድርጎ እንደሚመታ ለወንድማችን ሹክ በሉልኝ፤ ቀለሞቹን አይስታቸውም።)

አሁን የነገሩ ፍሬ ወደሆነው እመጣለሁ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የአፓርታይድ መንግሥት ከዓለም ስፖርት ተገልሎ ነበር። ማዕቀቡን ለመስበር ገንዘብ አወጣ። በ1983 መጀመሪያ ላይ ከዌስት ኢንዲስ የተውጣጡ ተጫዋቾች በድብቅ ተዋውለው ደቡብ አፍሪካ ገቡ። ለያንዳንዳቸው የተከፈለው በመቶ ሺህ ዶላር አካባቢ እንደነበር ተደጋግሞ ተጽፏል፤ ለአንድ የካሪቢያን ተጫዋች በዕድሜው ሙሉ የማያገኘው ገንዘብ ነው። ሆልዲንግ የገንዘቡ ጥሪ ሲደርሰው እምቢ አለ። ሪቻርድስም እምቢ አለ። ኮሊን ክሮፍት ግን ሄደ። ክሮፍት ማለት ከሆልዲንግ፣ ከአንዲ ሮበርትስና ከጆል ጋርነር ጋር በአንድ መሥመር የቆመ፣ የአራቱ አስፈሪ ወርዋሪዎች አራተኛው ነው። እዚያ ሲደርሱ «የክብር ነጭ» የሚል መጠሪያ ሰጧቸው። ክሮፍት ይህን አምኖ ኬፕታውን ላይ ባቡር ሲሳፈር፣ የነጮች ፉርጎ ነው ብለው ከተቀመጠበት አስነሡት።

በዚህ ታሪክ ላይ የተማሪ ማኅበር መጽሔቶች ምን እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ «ከሃዲዎች» ብለው ይዘጉታል። እኔ ግን ስለ ሄዱት ሳስብ እንዲህ ቀላል አይሆንልኝም። ብዙዎቹ ከብሔራዊ ቡድኑ ተጥለው ወይም በሩ ሳይከፈትላቸው የቀሩ ድሆች ነበሩ። አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜ ልክ ታገዱ፤ እገዳው የተነሣው በ1989 ሲሆን ለአብዛኞቹ ዘመናቸው አልፎ ነበር። ከነሱ አንዱ ሪቻርድ ኦስቲን በኪንግስተን ጎዳና ላይ ሲለምን ኖሮ በ2015 ሞተ። የሆልዲንግን እምቢታ ትልቅ የሚያደርገው እነዚህን ሰዎች ማዋረድ አይደለም። ሰውየው እምቢ ያለው ዋጋ ያለውን ነገር በእጁ ይዞ ስለነበር ነው፤ ያ ሩጫ፣ ያ ክንድ፣ የዓመታት ድካም ነበረው፤ ገዥውም የፈለገው ያንን ነው። ምንም የሚሸጥ ነገር የሌለው ሰው አልሸጥም ቢል ማን ይሰማዋል? እኛ ተማሪዎች ከዚህ እምቢታ የምንወደው ንግግሩን ነው። ንግግሩ ክብደት እንዲኖረው ያደረገውን የዘወትር ልምምድ ግን «ጡንቻ ማምለክ» እንለዋለን። የወንድማችን ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እና የራሳችንስ? በዚያው በ1976፣ የኦቫሉ ግጥሚያ ከመደረጉ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ላይ ከሃያ በላይ አገሮች፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ፣ ቡድኖቻቸውን አስወጡ። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለተጫወተና ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ስላልተባረረች ነው። ኢትዮጵያም ወጣች። ነገሩ ለእኛ አዲስ አልነበረም፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ የነበረችውን ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ካላመጣች አትጫወትም ያሏት ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ናቸው፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ይህን ትግል አልለቀቁም። ውሳኔው ትክክል ነበር። ይህን ስል አላመነታም።

ነገር ግን ዋጋውን የከፈለው ማነው? ምሩፅ ይፍጠር ነው። በ1972 ሙኒክ ላይ በአሥር ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ በአምስት ሺው ግን ለማጣሪያው ሳይደርስ ቀርቶ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለሞንትሪያል የተዘጋጀ ሰው። ሆልዲንግን ጠየቁት፤ ምሩፅን የጠየቀው የለም። ለሆልዲንግ እምቢታው የራሱ ነው፤ በመጽሐፍ ይጽፈዋል፣ በቴሌቪዥን ይጠየቅበታል። የምሩፅ እምቢታ ከላይ የወረደ ነበርና የትም አልተጻፈለትም። ሩጫ ለሚያውቅ ሰው አራት ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ብዙዎቹ ሁለተኛ ዕድል አያገኙም። እሱ በ1980 ሞስኮ ላይ ተመልሶ በመጨረሻው ዙር የማርሽ ቀያሪነቱን ለዓለም አሳየ፤ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም ወሰደ። እኛም ወርቁን እናከብራለን። ለአፍሪካ ነጻነት ሲል አንድ ሙሉ ኦሊምፒክ እንዳጣ ግን በየስብሰባችን ስንቴ ተነሣ? ስለ አፓርታይድ ስንት ጽሑፍ በዚህች መጽሔት ወጣ፤ በአንዱም ላይ ስሙን አላየሁም። ከተሳሳትሁ እታረማለሁ።

ሆልዲንግ ከሜዳ ከወጣ በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ግጥሚያ ሲተነትን ኖረ። በጁላይ 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ በሁለተኛው ወር፣ ሳውዛምፕተን ላይ ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት ሳለ ስለ ዘረኝነት ጠየቁት። ረጅም መልስ ሰጠ፤ ጥቁር ሰዎች የሠሩት ሥራ በትምህርት ቤት እንደማይነገር፣ ነገሩ የሚለወጠው በትምህርት እንደሆነ ተናገረ። በማግሥቱ እንደገና ሲጠየቅ ስለ ወላጆቹ አነሣ፤ የእናቱ ቤተሰቦች የባልዋ ቆዳ በጣም ጠቁሯል ብለው እንዳኮረፏት። ከዚያ በላይ መናገር አቃተው፤ አለቀሰ። የ66 ዓመት ሰው ነበር። በ2021 ያወጣው መጽሐፍም ከዚያ የመጣ ነው። ግድግዳዬ ላይ ያለው ግን ይህ የሚያለቅሰው ሽማግሌ አይደለም፤ የ1976ቱ ልጅ ነው፤ ኳሷን ከእጁ ሊለቅ አንድ እርምጃ ሲቀረው።

ዓሚ እስካሁን ቃሂራ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሰፈሩ ሲደበደብ ቤታቸውን ለቀው አልወጡም ብለው ልጆቻቸው ለአባቴ ነገሩት። ባለፈው ዓመት በስልክ አገኘኋቸው፤ መስማት ስለተሳናቸው የልጅ ልጃቸው እየጮኸ ያስተረጉምላቸዋል። ህንድ አገር እየተማርሁ ነው ብላቸው የጠየቁኝ ስለ ትምህርቴ አይደለም። «ክንድህን ታጥፋለህ?» አሉኝ።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ በንባብ ክፍላችን ያለውን ማሳያ ይፍቀዱልኝ። በመጀመሪያ የኦቫልን ፊልም፣ ቀጥሎም የሞስኮን አሥር ሺህ ሜትር እናያለን፤ ሁለቱም አንድ ሰዓት አይፈጁም። የህንድ ጓደኞቼን ጋብዣለሁ፤ ስለ ሳባይና ፓርክ የሚሉት ካለ መድረኩ የነሱ ነው። ከሳሼ ወንድማችንም ከፊት ወንበር ይቀመጥልን። ሻዩን እኔ አፈላለሁ፤ ወተት የበዛበት ነው።